ቅጹ ላይ አበልጅ የሚል የለም

ስምንተኛ ክፍል ያስተማርኳት ልጅ ዐረብ አገር ከምትሠራበት ቤት አምልጣ መጠለያ ከገባች በኋላ በቴሌግራም አንድ ቅጽ ላከችልኝ። የመጠለያው ጠበቃ እንደነገራት በልጅነቷ ተታልላ መላኳ ከተረጋገጠ ጉዳይዋ እስኪታይ እዚያው መቆየት ትችላለች። ካልተረጋገጠ ግን ከአሠሪ የጠፋች ተብላ ወደዚያው ቤት ልትመለስ ነው። ቅጹ እስከ ሐሙስ መድረስ አለበት።

ዋናዎቹ ጥያቄዎች ሁለት ናቸው፦ ስትሄድ ዕድሜዋ ስንት ነበር? የላካትስ ማን ነው?

የመጀመሪያው ቀላል መስሎኝ ነበር። ፓስፖርቷ ስትሄድ ሃያ አምስት ዓመቷ ነበር ይላል። የትምህርት ቤቱን መዝገብ ገለጥኩ፤ ዕድሜዋ አጠገብ በራሴ ቆንጆ ጽሕፈት «በግምት» ተብሎ ተጽፏል። ጥንቃቄዬን ያን ቀን ረገምኩት። ቀበሌው ወደ ደብሩ ላከኝ፤ ቄሱም ዓመቱን የምታስታውሰው ክርስትና ያነሳቻት ሴት ናት አሉኝ።

ማክሰኞ የልጅቷ እናት እኔ ወደማስተምርበት ከተማ፣ ንፋስ መውጫ ድረስ መጡ። ስለ ሁለተኛው ጥያቄ ሦስት ጊዜ አስረዳኋቸው። ዕድሜ አስጨምሮ፣ ሥራው ቀላል ነው ብሎ የሚልክ ሰው ደላላ ይባላል፤ ስሙ ካልተጻፈ ልጅቷ ወዳ የሄደች ትመስላለች አልኳቸው። ሰሙኝ፣ ሰሙኝና፣

«ደላላ የለም፣ መምህር። የላከቻት አበልጄ ናት» አሉኝ።

አበልጃቸው ማለት የልጅቷ ክርስትና እናት ናት። ለዕድሜዋ የምፈልጋት ምስክርና ለሁለተኛው መስመር የምፈልጋት ስም አንድ ሴት ሆነው አረፉት! አበልጅም ደላላ ሊሆን ይችላል ብዬ እንደገና ጀመርኩ። አበልጅ ከሥጋ ዘመድ ይበልጣል ብለው ዘጉኝ።

ረቡዕ ሁለቱም ትምህርት ቤት መጡ። ሴትዮዋ ልጅቷን በሰማንያ ቀኗ ያነሳችበትን ዓመት ሳትሳሳት ነገረችኝ። ከሄደችበት ዓመት ላይ ቀነስኩ፤ አሥራ አምስት። ሁለተኛው መስመር ላይ ስንደርስ ግን ባዶ ተወው አለችኝ። ባዶ ከሆነ ልጅቷ ወደ አሠሪዎቿ እንደምትመለስ ለአራተኛ ጊዜ አስረዳሁ።

«ብትመለስስ? ለምዳው የለ» አለች።

እስከዚያ መስኮት መስኮቱን ሲያዩ የነበሩት እናት ዞሩ።

«ያነሳቻት እሷ ናት፤ የላከቻትም እሷ ናት። ሁለቱንም ጻፈው።»

ሴትዮዋ ሳትሰናበት ወጣች። ስሟን ጻፍኩ። ቀጥሎ ዝምድናዋን ምረጥ ይላል፤ «ደላላ» የሚለው ላይ ምልክት ላደርግ ስል እናትየው እጄን ያዙኝ። «ሌላ» የሚለውን መርጬ አጠገቡ «አበልጅ» ብዬ ጻፍኩ። ጠበቃው እንዲገባው ከሥሩ ለማስረዳት ሦስት መስመር ፈጀብኝ። እናትየው በአውራ ጣታቸው ፈረሙና ላክሁት።