214271ን ሳካፍል

ስፈራ ቁጥር አካፍላለሁ። ሌላው ዳዊት ይደግማል፤ ሌላው ጫቱን ይቅማል። እኔ የሒሳብ መምህር ነኝና አንድ ትልቅ ቁጥር ይዤ ያለ ቀሪ የሚያካፍለውን እፈልግለታለሁ። ስልኬ ላይ ማስያ አለ፤ አልነካውም። እጅ ሥራ ሲይዝ ልብ ትንሽ ይረጋል።

የዚያን ዕለት ከሰዓት ድሬ ላይ ጠብታ አልወረደም። የዘነበው ደጋው ላይ ነው፤ ደቻቱ ወንዝ ደግሞ የኛን ሰማይ አይቶ አይሞላም። ልጃችን ከወንዙ ማዶ መጋላ፣ ጓደኛዋ ቤት ልታጠና ሄዳለች። ስትመለስ ድልድዩን ትታ በደረቁ አሸዋ እንደምታቋርጥ አውቃለሁ፤ ስንቴ ተቆጥቻታለሁ። ጎርፍ መጣ የሚል ጩኸት ሰምተን ስንደውል ስልኳ ዝግ ነበር።

ሚስቴ ነጠላዋን አንስታ በር ላይ ቆመች። እኔ ጠረጴዛው ላይ ከተቀመጠው የልጄ የፈተና መግቢያ ካርድ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ገልብጫለሁ፤ 214271።

«አቦ እሱን ተወውና ተነሥ» አለችኝ።

«ብትመጣ ቤት ሰው ይኑር። ይቺን ልጨርስና እከተልሻለሁ።»

ብቻዋን ወደ ወንዙ ሄደች።

ቁጥሩ ጎዶሎ ነው፤ ሁለት አይነካውም። አሃዞቹ ሲደመሩ 17፤ ሦስትም ወደቀ። ለሰባት ሳካፍለው አንድ ቀረ፤ ለ13 አምስት። ሥራው ከአንድና ከራሳቸው በቀር በምንም የማይካፈሉትን ቁጥሮች በተራ መሞከር ነው። እስከ 461 አንዱም ካልሠራ፣ የያዝኩት ቁጥር ራሱ የነሱ ወገን ነው ማለት ነው። 461 ሩቅ በመሆኑ ደስ አለኝ። ውጭ ሰው ሲሮጥ በሰማሁ ቁጥር ልጄን በቃሬዛ ይዘዋት የሚመጡ ይመስለኛል። ፈሪ ለእናቱ ይላሉ፤ ለልጁ ምን እንደሚሆን የነገረኝ የለም።

353 ላይ ደረስኩ። 607 ጊዜ ደረሰ፤ ቀሪ ዜሮ። አልቋል። ከዚህ በኋላ መነሣት፣ ጫማ ማድረግ፣ ወንዙ ዳር ሄዶ ማየት ነው። ዜሮዋን እያየኋት ወደ 359 አለፍኩ፤ ተማሪ እንዲህ ቢያደርግብኝ ደብተሩን ወርውሬ እመልስለት ነበር።

439ን ስጨርስ በሩ ተከፈተና ሁለቱም ገቡ። የጓደኛዋ እናት፣ ውኃው ሳይጎድል ንቅንቅ አትይም ብላ ይዛት ኖሯል። ሚስቴ መጀመሪያ ወንዙን ዳር ለዳር ስትፈልጋት ቆይታ፣ ኋላ በድልድዩ ተሻግራ እዚያው ቤት አገኘቻት። እስከ ጉልበቷ ጭቃ ብቻ ናት። ልጄን አቅፌ አለቀስኩ።

ልጄ በትከሻዬ በኩል ወረቀቱን አየችው። «አባ፣ 353 ላይ እኮ አልቋል። ዜሮ ጽፈሃል።»

«አላየሁትም» አልኩ።

ሚስቴ ደጃፉ ላይ እግሯን እየታጠበች ነበር። ቀና ሳትል «ከዚያ በኋላ ብዙ ጽፏል?» ብላ ልጇን ጠየቀቻት።

ልጄ ወረቀቱን ገለበጠችው።

«አንድ ገጽ ሙሉ።»