የወይዘሮ አትግዙ ዓምድ

የእኔ ሥራ ኮከብ መለጠፍ ነው። ሰው ምን እንደምሠራ ሲጠይቀኝ እንዲህ ብዬ ስመልስ የማሾፍ ይመስለዋል፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው። የምንሠራበት ድረ ገጽ ሰዎች ገንዘባቸውን እንዴት እንደሚቆጥቡ ይመክራል። የትኛው የመኪና ኢንሹራንስ ይረክሳል፣ የትኛው የስልክ ጥቅል ያዋጣል፣ የልብስ ማጠቢያ ሲበላሽ ይጠገን ወይስ ይጣል? አንባቢ አምስት ሳንቲም አይከፍልም። ታዲያ በምን ትኖራላችሁ ለሚለኝ ኮከቡን አሳየዋለሁ። ጸሐፊዎቻችን አንድ ኩባንያ ሲመክሩ ስሙ ላይ ሊንክ እናስገባለን። ኩባንያው ከእኛ ጋር ውል ካለው፣ አንባቢው በዚያ ሊንክ ገብቶ ሲገዛ ኮሚሽን ይከፍለናል፤ አንዳንዱ ደግሞ ግዢውንም ሳይጠብቅ ሊንኩ በተጫነ ቁጥር ይከፍላል። እንዲህ ካለው ሊንክ አጠገብ ትንሽ ኮከብ አደርጋለሁ። ከገጹ ግርጌም ኮከብ ያለበት ሊንክ ለእኛ ገቢ እንደሚያስገኝና አንባቢውን ምንም ተጨማሪ እንደማያስከፍለው ተጽፏል። ውል የሌለው ኩባንያም ከተመከረ ሊንኩን ያገኛል፤ ኮከብ ግን የለውም።

ይህን ግርጌ የሚያነበው ሰው በጣት የሚቆጠር ነው።

ቤታችን አንድ ጥብቅ ሕግ አለው። ጸሐፊዎቹ ሲጽፉ የትኛው ኩባንያ እንደሚከፍል፣ ጽሑፉ ከወጣ በኋላም በምን መንገድ እንደሚከፍል ማወቅ የለባቸውም። መጀመሪያ ጽፈው፣ አወዳድረው፣ ደረጃ ሰጥተው ይጨርሳሉ፤ ከዚያ ጽሑፉ ወደ እኔ ይመጣል። እኔ ጋ ከደረሰ በኋላ አንደኛውን ሁለተኛ፣ ሁለተኛውን አንደኛ ማድረግ ክልክል ነው። የእነሱን ክፍልና የእኛን የሚለየው የመስታወት ግድግዳ ነበርና፣ ስክሪናችንን እንዳያዩ ግማሹ ድረስ ቡናማ ወረቀት ለጥፈንበታል። ስንቀመጥ አንተያይም። ስንቆም ብቻ ነው ጭንቅላት ለጭንቅላት የምንገናኘው።

ከወረቀቱ ማዶ ትይዩዬ የምትቀመጠው ሴት በቢሮው የምትታወቀው ወይዘሮ አትግዙ በሚል ስም ነው። ስሙን ያወጣላት ማን እንደሆነ አላስታውስም፤ እኔ ሳልሆን አልቀርም። ወደ እኛ ከመምጣቷ በፊት አሥራ ዘጠኝ ዓመት በመለዋወጫ ዕቃ መደብር ውስጥ ሠርታለች። ምን ዓይነት ማሽን በስንት ዓመቱ ምኑ እንደሚበላሽ በቃሏ ታውቃለች። ጽሑፎቿ ሁሉ ዞረው ዞረው እዚያው ናቸው። ይህን አትግዙ፣ ያንን አትጣሉ፣ ይህቺን ብሎን አጥብቁና አንድ ሳምንት ጠብቁ። አንድ ቁጥር ለመጻፍ ሦስት ቦታ ደውላ ታረጋግጣለች። መደወሏ የሰለቻቸው ነጋዴዎች ድምጿን ሲሰሙ "አለቃዬ የሉም" ማለት ጀምረው ነበር፤ አለቆቹም ራሳቸው እንዲሁ ይሉ ነበር።

በድረ ገጻችን ታሪክ በብዛት የተነበበው ጽሑፍ የእሷ ነው። ማቀዝቀዣችሁ አላቀዘቅዝ ካለ አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት የበሩን ጎማ በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቡት ይላል። ማቀዝቀዣዬን አዳንሽልኝ እያሉ የሚጽፉላት ሰዎች ብዛት ለጉድ ነበር። ከዚያ ጽሑፍ ያገኘነው ገቢ ግን ዜሮ ነው። የሙቅ ውሃ ኩባንያ የለም።

ሥራ አስኪያጃችን ክፉ ሰው አይደለም። በዕድሜ ከሁላችንም ያንሳል፣ የሚያሳድረው ግን ሁላችንንም ነው፤ ወር በመጣ ቁጥር ፊቱ ይጠቁራል። ባለፈው ዓመት አጋማሽ ላይ ሁላችን ባለንበት የገቢ ሰንጠረዡን ዘረጋና የእሷን መስመር ከታች አሳየን።

"ሦስት ወር ልስጥሽ" አላት። "ዓምዱ የራሱን ወጪ ካልሸፈነ እዘጋዋለሁ። አንቺን አላባርርሽም፤ የዕለት ቅናሽ ገጹ ላይ ትሠሪያለሽ።"

የዕለት ቅናሽ ገጹ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዛሬውኑ ግዙ።

"ሰው ሌላውን ጽሑፋችንን የሚያምነው እኮ እኔ አትግዙ ስለምላቸው ነው" አለችው።

"ያምኑሻል። አምነውሽ ሄደው ሌላ ቦታ ይገዛሉ።"

አልተሳሳተም። የእሷ አንባቢዎች ጥንቁቆች ናቸው። ኮከብ ሲያዩ ምንነቱን እንኳ ሳይጠይቁ ይሸሻሉ፤ የኩባንያውን ስም በቁራጭ ወረቀት ጽፈው በእግራቸው ይሄዱና እዚያው ይገዛሉ። የሚከፍሉት ያው ነው፤ የሚቀረው የእኛ ኮሚሽን ብቻ ነው። ከእነዚህ ሰዎች ዋነኛው የገዛ ወንድሟ ነበሩ።

ወንድሟ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ትኬት ተቆጣጣሪ ናቸው። አባታቸው ሲሞቱ እሷ የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ያሳደጓት፣ ያስተማሯት፣ ጫማዋን የገዙላት እሳቸው ናቸው። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው በነጻ አሳፍረው አያውቁም ይባላል። አንዴ የገዛ አማታቸውን ከአውቶቡስ አስወርደዋል፤ ሚስታቸው ያንን ነገር እስከ ዛሬ ታነሳባቸዋለች። እህታቸው የምትጽፈውን ሁሉ ያነባሉ። ስልካቸውን፣ የቤታቸውን ኢንሹራንስ፣ የጉልበታቸውን ማሞቂያ ሳይቀር በእሷ ምክር ነው የገዙት። ድረ ገጹ ከየት እንደሚበላ ግን ጠይቀዋት አያውቁም ነበር። መንግሥት የሚከፍል ይመስላቸው ነበር።

ሦስት ወሩ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ስለ ቤት ኢንሹራንስ ጻፈች። ሰባት ኩባንያ አወዳደረች፤ አንዱን አንደኛ አለችው። ጽሑፉ እኔ ጋ ሲደርስ የሚከፍሉትን ዝርዝር አየሁና ደስ አለኝ። አንደኛ ያለችው ኩባንያ ሊንኩ በተጫነ ቁጥር ከሚከፍሉት አንዱ ነው። ኮከቡን ለጠፍኩ። ከወረቀቱ በላይ ቆሜ አየኋት፤ ብርቱካን እየላጠች ነበር። ልነግራት አልችልም፤ ሕጉ ሕግ ነው። "ጥሩ ጽሑፍ ነው" ብቻ አልኳት።

"ምነው ዛሬ ደግሞ አመሰገንከኝ? ታምመሃል?" አለችኝ።

ያን እሁድ ወንድሟ ቤት ሄደች። ምን ሆነሽ ነው የከሳሽው ሲሏት ነገሩን ሁሉ ዘረገፈችላቸው፤ ስለ ኮከቡ፣ ስለ ሰንጠረዡ፣ ሊዘጋ ስላለው ዓምድ። ኋላ እንደነገረችኝ ሰውየው የያዙትን ሻይ አስቀመጡ።

"ታዲያ እኔ ይሄን ሁሉ ዓመት በነጻ ነበር ስጠቀም የኖርኩት?" አሏት።

"ጋሼ፣ አንተ ደግሞ! ማን ክፈል አለህ?"

"ኮከቧ ስትነካ ነው የሚከፈለው?"

"አንዳንዱ። የትኛው እንደሆነ እኔም አላውቅም።"

አንዳንዱ የሚለውን ቃል አልሰሙትም።

ማክሰኞ ጠዋት ቢሮ ገብቼ ስክሪኔን ስከፍት ዓይኔን ማመን አቃተኝ። የኢንሹራንሱ ሊንክ በደህና ቀን በሰዓት አርባ ጊዜ ቢጫን ነው። እስከ አራት ሰዓት ሦስት መቶ ደርሷል። ምሳ ሰዓት ላይ ከሺህ አለፈ። እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም የእኔ ሥራ ወዲያው ከየት እንደመጣ ማየት፣ ከዚያም ለኩባንያው ማሳወቅ ነው። አላየሁም፤ አላሳወቅኩምም። ደስ ብሎኝ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ክፍል ሮጬ ገባሁና "ዓምዱ ተረፈ!" አልኩት። እሱም ከወንበሩ ተነሥቶ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። እሷ ምን እንደተፈጠረ ባታውቅም ፊታችንን አይታ ቀኑን ሙሉ ስታንጎራጉር ዋለች። ረቡዕም እንዲሁ ሆነ።

ሐሙስ የኢንሹራንስ ኩባንያው ደብዳቤ መጣ፤ እንዲህ ይላል። በሁለት ቀን ውስጥ ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ጊዜ ያህል ሊንኩ የተጫነው ከአንድ ኮምፒውተር ነው። ኢንሹራንስ የጠየቀ አንድም ሰው የለም። ይህ ማጭበርበር ስለሆነ የወሩን ክፍያ አንከፍልም፣ ውሉንም ከዛሬ ጀምሮ አቋርጠናል። ኮምፒውተሩ የሚገኝበትም ቦታ ተጽፎ ነበር፤ የአውቶቡስ ድርጅት ጡረተኞች ክበብ።

ሥራ አስኪያጁ ሰበሰበንና ደብዳቤውን ጮክ ብሎ አነበበው። "ይሄን ክበብ የሚያውቅ አለ?" አለ።

እኔ ብሆን ዝም እል ነበር። ማን ያውቅባታል? እሷ ግን መነጽሯን አወለቀችና "ወንድሜ ነው" አለች። "ሌባ አይደለም። መክፈሉ ነው የመሰለው።"

ሥራ አስኪያጁ መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ ኩም አለ። ለኩባንያው ደውሎ ሊያስረዳ ሞከረ። ሰዎቹ አልሰሙትም፤ እኔም እነሱን ብሆን አልሰማም ነበር። ያ ኩባንያ ከሚከፍሉን ትልቁ ነበር። ስልኩን ዘግቶ ሲመለስ በእሷ ፊት መቆም ከብዶት መስኮቱን እያየ ነው የነገራት። ዓምዱ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ተዘግቷል፤ ሰኞ የዕለት ቅናሽ ገጹን ትጀምራለች። እሷም እሺ አለች እንጂ አንድ ቃል አልተከራከረችም። ያኔ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። አንጀቴን የበላችው እሺ ስትል ነው።

ከሰዓት በኋላ ዕቃዋን ወደ ሌላኛው ጠረጴዛ ስታዛውር አገዝኳት። ሁለት ካርቶን ብሎንና ጎማ፣ የተቆራረጡ ማስታወሻዎች፣ አንድ የማቀዝቀዣ እጀታ። እጇ ሙሉ ሳለ ስልኳ ጮኸ። ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

"እንዴት ዋልሽ?" የወንድሟ ድምፅ ነበር፤ ከኋላቸው የብዙ ሰው ጫጫታ ይሰማል። "ደረሰልሽ ወይ?"

"ምኑ ጋሼ?"

"አታስመስይ እንጂ! እኛ እኮ ሁለት ቀን ሙሉ ስንሠራ ነው የዋልነው። ክበቡ ያለው አንዲት ኮምፒውተር ናት። ወንበሮቹን በተራ ደረደርኳቸው፤ ለእያንዳንዱ የተራ ቁጥር ሰጠሁት። እያንዳንዱ አሥር ጊዜ ይነካና ወጥቶ ከኋላ ይሰለፋል። ተራ የዘለለ የለም። ያ እጁ የሚንቀጠቀጠው ሾፌር እንኳ በሁለት እጁ ነካላት። እስኪጨርሱ ሻይ ከልክዬ ነበር።"

ካርቶኑን ወንበር ላይ አስቀመጠች።

"ስንት ገባ?" አሉ።

አየችኝ። ሦስት ቦታ ሳትደውል ቁጥር የማትጽፍ ሴት ናት። እኔ ወደ ብሎኖቹ ዞርኩ።

"ለዓመት ይበቃል ጋሼ" አለች።

ሰውየው ከኋላቸው ያሉትን ዝም አሰኙ።

"እሰይ" አሉ። "እኔ እኮ ካለፈው እሁድ ጀምሮ እንቅልፍ አልነበረኝም። የሰው ትኬት ስመረምር ኖሬ፣ ለካ እህቴ ላይ በነጻ ስሳፈር ነው የከረምኩት። አሁን ነፍሴ መለስ አለች። ለሰዎቹም እነግራቸዋለሁ።"

"ንገራቸው። አመስግንልኝ።"

"ዓምዱ ዓርብ ዓርብ ነው አይደል የሚወጣው? የነገው ስለ ምንድን ነው? ከእንግዲህ እኔ ነኝ ጮክ ብዬ የማነብላቸው፤ ተስማምተናል።"

ዓምዱ ከተዘጋ ሦስት ሰዓት ሆኖታል። እጇን ስልኩ ላይ አድርጋ ጣሪያውን አየች፤ ከዚያ እጇን አነሳች።

"ስለ ውሃ ማሞቂያ ነው" አለች።

"ይገዛ ነው አይገዛ?"

"አይገዛ።"

"አውቄዋለሁ!" አሉና ከስልኩ ፊታቸውን አዙረው "አይገዛም አለች!" ብለው ጮኹ፤ ከኋላቸው ጭብጨባ ተሰማ። "በይ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሁላችንም እዚህ እንገኛለን። እንዳታስጠብቂን።"