ለሁለት ሰው የቀረበው ጎድን

የልጅ ልጄ የእግረኛ ጦር መኮንን ነው። በጦርነቱ ላሳየው ጀግንነት ሜዳሊያ ሰጡት። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ንዴቴ አልበረደም።

ነገሩን የነገረኝ ራሱ ነው፣ ሰንበት ከሰዓት ሱፍ እየቆረጠምን። የፈረሰ ቤት ውስጥ ሦስት ወታደሮች ቆስለው ቀሩ። ተኩሱ ሳይበርድ ገብቶ አወጣቸው።

"ብቻህን?" አልሁት።

"ኧረ ሳፍታ! ከሆቬሹ ጋር ነዋ። በራስጌ እኔ፣ በግርጌ እሱ።"

ሳፍታ በዕብራይስጥ አያት ማለት ነው፤ ሆቬሽ የሚሉት ደግሞ ቁስለኛ የሚያክመውን ወታደር ነው። ይሄኛው ባዳ አይደለም፤ ናሕሊኤል፣ ከእኛ ሁለት ሕንጻ አልፎ ከእናቱ ጋር ይኖራል።

"እሱንስ ምን ሸለሙት?"

"ለአለቆቼ ስሙን ጽፌ ነበር። መልስ አልሰጡኝም።"

"ታዲያ አንተ እንዴት እጅህን ዘረጋህ?"

"ትእዛዝ ነው ሳፍታ፣ እምቢ ይባላል?"

"እኔ ብሆን እምቢ እል ነበር።"

"እርስዎማ ቢሆኑ ጄኔራሉ ራሱ ይሸሻል።"

እኔ አልሳቅሁም። ማዘጋጃ ቤቱ በሰፈራችን አዳራሽ በዓል ሲያሰናዳለት፣ የሆቬሹንም ስም ጨምሩ ብዬ ሦስት ጊዜ ተመላለስሁ። ጸሐፊዋ የእኛው አገር ልጅ ናት።

"እማማ፣ ፕሮግራሙ ታትሟል። ደግሞ ሜዳሊያ የሌለውን ምን ብለን መድረክ ላይ እንጥራው?"

"በስሙ!" ብያት ወጣሁ።

በእኛ ቤት ድግስ በሬ ሲታረድ፣ ትልቁን ጎድን ለተከበረው እንግዳ የምታቀርበው የቤቱ ትልቅ ሴት ናት። ይህን ማንም አስቀድሞ ሊያትመው አይችልም። ከበዓሉ በኋላ ቤታችን በተደገሰው ድግስ ላይ ጎድኑን ይዤ ተነሣሁ።

"ይህ የሁለት ሰው ነው" አልሁ። "የልጅ ልጄ ቁስለኞቹን በራስጌ ሲይዝ፣ በግርጌ የያዘው ያውና እዚያ ተቀምጧል!"

እልልታው ቤቱን አናወጠው። ሆቬሹ ግን ወደ እኔ አላየም፤ አጠገቡ ወደ ተቀመጠችው እናቱ ነበር የሚያየው።

"የምን ቁስለኛ?" አለች እናቱ። "እትዬ፣ የእኔ ልጅ እኮ መጋዘን ብርድ ልብስ ሲቆጥር ነው የከረመው።"

እልልታው ተቋረጠ። የልጅ ልጄ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። እሷ የልጇን እጅጌ ወደ ላይ ሰበሰበችው። ክንዱ ላይ የጦርነቱ ጠባሳ አለ፤ ኢንዱስትሪ ዞን ባለ ጋራዥ ስሠራ ብረት ቆረጠኝ ብሏት ኖሯል። ወዲያው ወደ መኮንኑ ዞረች።

"አንተስ? ይህን በሆድህ ይዘህ ነው በየሳምንቱ ቤቴ እየመጣህ ወጤን ስትጠርግ የነበረው?"

ልጇን ይዛ ወጣች። ጎድኑን የነካው የለም።

ከማንም ይልቅ የተናደድሁት በራሴ ነው። እናት እንዳትደነግጥ ክፉ ወሬ መደበቅ የእኛው ልማድ ነው፤ መርዶ እንኳ ሽማግሌ ሳይሰበሰብ አይነገርም። ይህን እያወቅሁ፣ እናቱ ሰምታ እንደሆነ አልጠየቅሁም። ሦስት ጊዜ ማዘጋጃ ቤት ስሄድ የእሷን ደጅ አልፌ ነበር የምሄደው።

በማግስቱ የጎድኑን ግማሽ ይዤ የእናቱን በር አንኳኳሁ። በሩን ገርበብ አደረገችው።

"አጥፍቻለሁ" አልኋት። "ግን የልጅሽ ስም መዝገብ ላይ እንዲጻፍ ዛሬም ማዘጋጃ ቤት ልሄድ ነው። ቅሪ ካልሽኝ እቀራለሁ።"

ሳህኑን ተቀበለችኝ።

"ይጻፍ" አለች። "እኔን መዋሸቱም አብሮ ይጻፍ።"

በሩን ዘጋችብኝ። እኔም ነጠላዬን አስተካክዬ ለአራተኛ ጊዜ ወደ ማዘጋጃ ቤት ወረድሁ።