የማን ማሳ ነበር?

ሪችፊልድ በምትባል የባሕር ማዶ ከተማ ቤታቸው እየሄድኩ የምረዳቸው አንዲት ጃፓናዊት አሮጊት ናቸው። ሥራዬ ማጠብ፣ ማብሰልና መድኃኒታቸውን ማስታወስ ነው። እሳቸው ግን ጠዋት ገና ከምኖርበት ከኮሎምቢያ ሃይትስ ነድቼ ስገባ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስልኬን ነው፤ ካርታው ላይ የተወለዱበትን መንደር እንድከፍትላቸው።

መንደር የሚሉት እሳቸው ናቸው። እኔ የሚታየኝ ባቡር ጣቢያ፣ የብስክሌት ማቆሚያና ፎቅ ብቻ ነው። ልጅ ሳሉ ገብስና ስኳር ድንች ይበቅልበት ነበር አሉ። መጀመሪያ ሐዲዱ መጣ፤ ቀጥሎ ሱቁ፣ ቀጥሎ ትምህርት ቤቱ። ቶኪዮ የሚሠራው ሁሉ ለመኖሪያ ወደዚያው ጎረፈ፤ ገበሬዎቹም አንድ በአንድ መሬታቸውን ለቀቁ። በየቀኑ ጣታቸውን አንድ ነጭ ፎቅ ላይ ያሳርፉና፣ "የአባቴ ማሳ ይኸውልሽ" ይላሉ። እኔም ገና ዛሬ እንደሰማ ሰው እደነቃለሁ። ከሥራዬ ሁሉ ደስ የሚለኝ እሱ ነው። አንድ ነገር ግን ይከነክናቸዋል፤ እዚያ ከሚኖረው ሁሉ የአባታቸውን ስም የሚያውቅ አንድ ሰው ይኖር ይሆን?

አንድ ቀን አፌ አላርፍ አለ። "እኛም እኮ እንዲህ ያለ ፎቅ ላይ ነው ያደግነው" አልኳቸው። አዲስ አበባ ዳር ኮንዶሚኒየም ሲደርሰን እናቴ ባዶው ሳሎን ውስጥ እልል ስትል፣ እኛ ልጆቹ ደረጃውን ስንወጣ ስንወርድ፣ ጠዋት አውቶቡስ እንዳያመልጠን ስንሮጥ፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት።

ፈገግ ብለው ሲሰሙኝ ቆዩና፣ "የማን ማሳ ነበር?" አሉኝ።

"አላውቅም።"

"እንግዲያው የአባቴ ማሳ ላይ የሚኖሩትም አያውቁም" አሉና ስልኩን መለሱልኝ። ቁርሳቸውንም ገፋ አደረጉት። አንጀቴን በሉት። ዝም ብል ምን ነበረበት?

እዚያው ፊታቸው ቁጭ ብዬ እናቴ ጋ ደወልኩ።

"እማዬ፣ ቤታችን ያለበት መሬት ድሮ የማን ነበር?"

"ምን ሆነሻል ዛሬ? የዘበኛው ነዋ!"

"የትኛው ዘበኛ?"

"የብሎካችን! ሽንብራ ይዘራበት ነበር። ገና የገባን ሰሞን ሚስቱ ናት የነገረችኝ። አሁንም በዓል ሲመጣ ቤታቸው ሳልሄድ አልቀርም።"

ስሙን ብጠይቃት ከነአባቱ ነገረችኝ።

ለአሮጊቷ ሁሉንም ተረጎምኩላቸው። ስሙን ሁለት ጊዜ ቀስ ብለው ደገሙት፤ አላስቸገራቸውም። "እናትሽ ታውቃለች" አሉና ሩዛቸውን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ። ጥርግ አድርገው በሉ። ደስ አለኝ፤ በእናቴም ኮራሁ።

ሳህኑን ሳጥብ ግን ሰውዬው ትዝ አለኝ። ትምህርት ቤት ስሄድ ጠዋት ጠዋት የግቢውን በር የሚከፍትልኝ እሱ ነበር። "ጋሼ" እለው ነበር። ስንት ዓመት በገዛ ማሳው ላይ በር ሲከፍትልኝ፣ አንድ ቀን እንኳ ስሙን አልጠየቅኩትም።