እማ «የእግር ሾርባ» ያለችው የሀያት ጄል

ሀያትዬ፣ እህቴ፣ ተነሺ፣ ፈጠራሽ ጸደቀ!

ዛሬ ከትምህርት ቤት ስመለስ ፕሮፌሰርሽ ደወሉ። ከበግ ቆዳ ያዘጋጀሽውን፣ ለሰው ሠራሽ ቆዳ የሚሆነውን ጄል የፓተንት መርማሪው ተቀብሎታል። ስምሽም አለበት።

መጀመሪያ «ከተለመደው ጄላቲን በምን ይለያል?» ብሎ ነበር። እማም ፍሪጅ ውስጥ ስታየው «ይኼማ የረጋ የእግር ሾርባ ነው» ብላሽ ነበር። ተማክረው ነው እንዴ?

«እማ፣ ሾርባ ሲሞቅ ይቀልጣል፤ የኔ በሰው ገላ ሙቀት አይቀልጥም» አልሻት። መርማሪውንም ያሳመነው ይኸው ነው። እማ ዛሬ «አልሐምዱሊላህ፣ ኸላስ፣ ተረታሁ» ብላ እያለቀሰች ሳቀች።

ጓደኞቼ፣ እናንተስ እንደ እህቴ ከዚህ ዓለም ካለፈ በኋላ ልፋቱ የተሳካለት ሰው አላችሁ? ጻፉልኝ።

ሀያትዬ፣ ያላንቺ በነቃሁበት የመጀመሪያ ጠዋት፣ ጄልሽን ከፍሪጅ አውጥቼ ቤታችን በረንዳ ላይ በመዳፌ ይዤው ተቀመጥኩ። ሞቀ እንጂ አልቀለጠም።