እንግሊዝኛ «እርስዎ» አለው

የሚያምነኝ እንደሌለ አውቃለሁ፤ ትዳሬን ያዳነው አንድ የሚያስል ፈረንጅ ነው።

የባለቤቴ እህት ልጅ ሠርግ ላይ ጨዋታ ደመቀልኝና «ይቺ ሴት እኮ ለምና ነው ያገባችኝ!» አልኩ። ድንኳኑ ሙሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ከዚያን ቀን ጀምሮ እርስዎ ሆንኩ። «ምሳዎ ቀርቧል።» «ፎጣዎ እዚያ ነው።» ሃያ ዓመት አንተ ስባል ኖሬ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ እንደ ክፍለ ከተማ ኃላፊ ተከበርኩ። የእንጦጦ ብርድ ወርዶ ወርዶ የኔ ሳሎን ገባ በሉት።

ጉርድ ሾላ ፍላሽ ላይ ፊልም የሚጭንልኝ ሰውዬ፣ አራት የድብድብ ፊልም ስወስድ አንድ በምርቃት ጨመረልኝ። «ማንም አይፈልገውም» አለኝ።

የድሮ ዘመን ፊልም ነው። ባልና ሚስት ሰው አገር ይኖራሉ። ባል እንግዳ ፊት ጉራውን ይነፋል፤ ሚስት ሻይ ትቀዳለታለች፣ አታየውም። በቃ። አንድ ጥይት የለም። ፊልም ካለ የማይቀሩት ጎረቤታችን እትዬ «ቆሟል እንዴ?» አሉኝ። እኔ ግን ሻዩ ሞልቶ ሲፈስ ቀና አለማለቷን ሳይ ላብ አጠመቀኝ። ይሄን ፊልም የናቀ ሁሉ ሚስት አኩርፋበት አታውቅም!

እንግሊዝኛ ያስተማርኩት ራሴን በራሴ ስለሆነ ቤት ፊልም ሲታይ ለባለቤቴና ለእትዬ የምተረጉመው እኔ ነኝ። ሚስትየዋን «ሻይዎን ይጠጡ» አስባልኳት።

ባለቤቴ ዞረች። «እንግሊዝኛ እርስዎ አለው?»

«የተናደደች ሚስት ካለች አለው።»

እትዬ ሳቃቸውን በነጠላ አፈኑ።

መጨረሻ ላይ ሚስትየዋ ሻንጣዋን ይዛ መርከብ ልትሳፈር ነው። ባልየው ወደቡ ላይ ቆሞ ያያታል። እንዳትሄድ ፈራሁ፤ የቷ እንደሆነች አልናገርም። ድምፄን አወፍሬ ተረጎምኩ፦ «ሰው ፊት ዋሽቼብሻለሁ። ለማኙ እኔ ነበርኩ። ሦስቴ ሽማግሌ ልኬ አባትሽ ሁለቴ መልሰውብኛል።»

«አንተ ውሸታም!» ብላ ጮኸች ባለቤቴ። «ሰውዬው እኮ እያሳለ ነው!»

አንተ! እትዬ እልል አሉ። ፈረንጇ መርከቡ ላይ ትውጣ ትቅር እስከ ዛሬ ያየ የለም።

ውሸት ነው ካላችሁ የካ ሚካኤል መጥታችሁ እትዬን ጠይቁ። ባለቤቴንም ጠይቁ፤ ሽማግሌ የላክሁት አራቴ ነው ትላለች። ብቻ እርስዎ ማለት ከጀመረቻችሁ ጫማችሁን ሳታስሩ ውጡ።