የጥሩዬ ሸክላ ድስት

ዛሬ ምሳ ላይ ድስቱን ገበታው ላይ ሳስቀምጥ የአማቴ ፊት አመድ መሰለ።

ጠዋት ጓዳ ውስጥ ከጆንያ ሥር ያገኘሁት አሮጌ ሸክላ ድስት ነው። አጥቤ፣ ቅቤ ቀብቼ፣ ዶሮዋን ሙሉዋን ከትቼ በከሰል ጠበስኳት። ለነገሩ ደብረ ታቦር ከተማ በዚህ ብርድ አሮስቶ የሚያምረኝ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

«ይህን ማን አወጣው?» አሉ አማቴ።

«እኔ ነኝ እማዬ። ምነው?»

ባለቤቴ በዓይኑ ዝም በይ አለኝ። ለካ ድስቱ አምና ያረፈችው እህቱ የጥሩዬ ኖሯል። እናቱ አይተው እንዳያለቅሱ ብሎ የደበቀው እሱ ነው፤ ለእኔ ግን ትንፍሽ አላለም።

ማንም እጁን አልዘረጋም።

አማቴ ድስቱን ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው ጆሮውን ዳሰሱ። «እናቴ ለእኔ፣ እኔ ለጥሩዬ የሰጠናት ናት» አሉ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«አልቅሼ ይውጣልኝ እንጂ፣ ምን ብለህ ልጄን ትደብቅብኛለህ?»

አለቀሱ። እሱም አለቀሰ። አማቴ እንባቸውን በነጠላቸው ጠርገው ሥጋውን ቆረጡና መጀመሪያ ያጎረሱት እሱን ነው።

እናንተስ? የሞተባችሁን ሰው ዕቃ ትደብቃላችሁ ወይስ ትገለገሉበታላችሁ? እስቲ ንገሩኝ።